የሚከፍተውን እጅ እያሰቡ ማሸግ

አክስቴ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ በሪህ ካበጠ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ካርቶን ላክኩላቸው፤ ውስጡ የሱፍ ሻርፕ፣ ሁለት ኩባያና ከሁሉም በላይ የተቀመጠ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ነበር። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሰጋሁ። ስለዚህ ማሸጊያ ፕላስተሩን በቁመቱ፣ በወርዱ፣ ከዚያም በየማዕዘኑ እያዞርኩ ካርቶኑ ራሱ እስከማይታይ ድረስ ጠቀለልኩት። እሽጉ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ስደውልላቸው ገና አልከፈቱትም ነበር። ጥፍራቸው የፕላስተሩን ጫፍ ማንሳት አልቻለም፤ መቀሱም ለጣታቸው ከበደ። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ መጥቶ በወጥ ቤት ቢላዋ መሀሉን ወግቶ ከፈተላቸው። ቢላዋው ፕላስተሩን አልፎ ፎቶግራፉን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። «ልጄ፣ ምን ፈርተህ ነው እንዲህ የቆለፍከው?» አሉኝ በስልክ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

ልጁ ጥፋት የለበትም። እኔ የዘጋሁትን በቸገረው መንገድ ከፈተው እንጂ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር የሚያሽግ ሰው ሁለት ሥራ በእጁ እንደያዘ ነው፤ መዝጋቱም መክፈቱም የእርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የምልከውን ሁሉ ከዚህ በታች በምገልጸው መንገድ አሽጋለሁ፤ በፕላስተር ታፍኖ የሚመጣልኝንም እንዲሁ በጥንቃቄ እከፍታለሁ።

ፕላስተር የሚችለውና የማይችለው

ፕላስተር የካርቶኑን ክንፎች ይዘጋል፤ ዕቃውን ከስብራት አያድንም። ኩባያ የሚሰበረው ካርቶኑ ሲወድቅ ከግድግዳው ወይም ከጎኑ ካለው ኩባያ ጋር ስለሚጋጭ ነው። ይህን የሚያስቀረው በውስጥ ያለው ሙሌት ነው። ብዙዎቻችን ግን በውስጥ ያጎደልነውን ከውጪ ለመሙላት እንሞክራለን፤ ስጋታችን በጨመረ ቁጥር የፕላስተሩ ጥቅልል ይሳሳል።

የፕላስተር ጉልበት ያለው ተዘርግቶ በተለጠፈበት ገጽ አቅጣጫ ሲጎተት ነው። ሁለቱን ክንፎች ለመለያየት የሚገፋ ኃይል ፕላስተሩን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ያኔ ሙጫው በሙሉ ስፋቱ ይቋቋማል፤ በደንብ የተለጠፈ አንድ ሽፋን እንኳ ብዙ ይሸከማል። ደካማ የሚሆነው ከጫፉ ተይዞ ወደ ላይ ሲላጥ ነው። ኃይሉ ሁሉ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ስለሚያርፍ ሙጫው ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ማሸግም መክፈትም ይቀለዋል፦ ሲያሽጉ ኃይሉ ወደ ጎን እንዲሆን ያደርጋሉ፤ ሲከፍቱ ደግሞ ከጫፍ ይላጣሉ።

በፕላስተር ላይ ሌላ ፕላስተር መደራረብስ? ሁለተኛው ሽፋን በአብዛኛው ካርቶኑን አይነካም፤ የያዘው የመጀመሪያውን ጀርባ ነው። ያ ጀርባ ደግሞ ጥቅልሉ ሲፈታ እንዳያስቸግር ሙጫን አጥብቆ የማይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ የሁሉም መሠረት የካርቶኑ የላይኛው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተላጠ አሥር ሽፋንም ቢሆን አብሮት ይነሳል። መደራረቡ ታዲያ የጨመረው ጥንካሬ ጥቂት ሲሆን፣ ያበዛው የከፋቹን ድካም ነው።

ተጣባቂ ፕላስተር ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በአሜሪካ ሪቻርድ ድሩ የተባለ የሚኒሶታ ማዕድንና ማምረቻ ኩባንያ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1925 ለመኪና ቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ሠራ። በዚያ ዘመን መኪናን በሁለት ቀለም መቀባት የተለመደ ሆኖ ነበር፤ ቀቢዎቹ አንዱን ወገን ሸፍነው ሌላውን ሲቀቡ የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሳ አዲሱን ቀለም ይዞት ይወጣ ነበር። የድሩ ፕላስተር የተፈለገው በሚገባ እንዲይዝ፣ ሲነሳ ደግሞ ምንም ሳያበላሽ እንዲነሳ ነበር። ግልጹን ፕላስተር ያመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1930 ነው። ሲይዝም ሲለቅም ጨዋ የሆነ ነገር ነበር የተፈለገው፤ እኛ ግን መያዙን ብቻ ይዘን መልቀቁን ረሳነው።

ከፕላስተሩ በፊት

ጥሩ እሽግ ግማሽ ሥራው የሚያልቀው ጥቅልሉ ሳይነሳ ነው።

ካርቶኑን ይመርምሩ። ውስጡ ሞገድ ያለው ካርቶን ጥንካሬውን የሚያገኘው በሁለት ወረቀቶች መካከል ከቆመው ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ከተደፈጠጠ ጥንካሬውም ይሄዳል። (ይህ ሞገድ ያለው ወረቀት እ.ኤ.አ. በ1856 በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት ሲሰጠው ለባርኔጣ ውስጥ ሽፋን ነበር፤ በ1871 አልበርት ጆንስ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ነው ተሰባሪ ዕቃ መጠቅለያ ያደረገው።) ያገለገለ ካርቶን መጠቀም ነውር የለውም። ነገር ግን ማዕዘኖቹን በጣትዎ ይጫኑ፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ሲደረደር አብዛኛውን ጫና የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ማዕዘኑ የላላ፣ እርጥበት ያገኘው ወይም ገጹ የተላጠ ካርቶን ምንም ያህል ፕላስተር ቢለበስ አይታመንም። አሮጌ አድራሻና የመስመር ኮድ (ባርኮድ) ካለበት አንስተው ወይም በወፍራም ቀለም ሰርዘው ይጠቀሙ።

መጠኑ ከዕቃው ብዙ አይብለጥ። በሁሉም አቅጣጫ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለሙሌት የሚሆን ቦታ ከተረፈ ይበቃል። ሰፊ ካርቶን ውስጥ ትንሽ ዕቃ ማስቀመጥ ዕቃው እንዲሮጥ ሜዳ መስጠት ነው።

ተሰባሪውን እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠቅልሉ። ኩባያን ውስጡን ጭምር በተጨማደደ ወረቀት ይሙሉት፤ እጀታውን ለብቻው አንድ ጊዜ ጠቅልለው ከዚያ ሙሉውን ይጠቅልሉት፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እርሱ ነውና። ባለ አረፋው ፕላስቲክ ካለዎት አረፋው ወደ ዕቃው ዞሮ ይሁን። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሠራ የተወጠነው የግድግዳ ልባስ እንዲሆን ነበር፤ ዕቃ መጠበቂያ መሆኑ በኋላ የመጣ ነው። ጥቅልሉን በፕላስተር አይዙሩበት፤ ጫፉን ብቻ የጣት ርዝመት ባላት ቁራጭ ይያዙት፤ የቁራጯንም አንድ ዳር አጥፈው ይተዉት። እንደ እኔ ልምድ ሰው ትዕግሥቱን የሚጨርሰው ከካርቶኑ ይልቅ በዚህ የውስጥ ጥቅል ላይ ነው። ካርቶኑን ከፍቶ ደስ ያለው ሰው አምስት ኩባያ አምስት ጊዜ መፍታት ሲኖርበት ከዕቃው ጋር ትግል ይገጥማል፤ ስብራቱም የሚመጣው ያኔ ነው።

ሁሉን ካስገቡ በኋላ ክንፎቹን ሳይለጥፉ ያዙና ካርቶኑን ቀስ ብለው ይነቅንቁት። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሰሙ ሙሌት ይጨምሩ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፕላስተሩን አይንኩ። ይህን አንድ ፈተና የሚያልፍ እሽግ ከላይ እስከ ታች መጠቅለል አያስፈልገውም።

የላዩን ነገር አይርሱ። ከክንፎቹ ሥር በቀጥታ ፎቶግራፍ፣ ልብስ ወይም መጽሐፍ አይሁን። በመካከሉ በካርቶኑ ልክ የተቆረጠ አንድ ወፍራም ወረቀት ወይም የካርቶን ቁራጭ ያስቀምጡ፤ ምላጭ አልፎ ቢገባ እርሱን ይቆርጣል። ያኔ ቢኖር የአክስቴን ፎቶግራፍ ባዳነው ነበር። በዚያው ቁራጭ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፉበት፤ የውጪው ወረቀት ቢገነጠል እሽጉን ከፍቶ የሚያይ ሠራተኛ ባለቤቱን ያገኝበታል።

ማሸጉ

ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የማሸጊያ ፕላስተር ይያዙ። የቢሮው ቀጭን ስኮች ለፖስታ እንጂ ለካርቶን አይሆንም፤ የቀለም ቀቢዎቹ የወረቀት ፕላስተርም ለመንገድ አይታመንም፤ እንዲለቅ የተሠራ ነውና ይለቃል። ፕላስተሩና ካርቶኑ ሁለቱም በቤት ሙቀት የቆዩ ይሁኑ። ቅዝቃዜ ሙጫውን በሚገባ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል፤ አቧራ ደግሞ ከነጭራሹ ከካርቶኑ ያለያየዋል። የሚለጠፍበትን ቦታ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

1. ከሥሩ ይጀምሩ። ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ካርቶኑን ገልብጠው ሁለቱን ረጅም ክንፎች ሳይደራረቡ ጫፍ ለጫፍ ያግጥሙ።

2. መጋጠሚያው ላይ አንድ ረጅም ፕላስተር ይለጥፉ፤ በሁለቱም ጫፍ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎኑ ግድግዳ ይውረድ። ይህች ወደ ጎን የምትወርደው ክፍል ናት ዋናዋ ጉልበት፤ ካጠረች ጠቅላላው ልፋት ከንቱ ነው።

3. ዕቃው ከባድ ከሆነ ሁለተኛ ፕላስተር ይጨምሩ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ ግማሹ አዲስ ካርቶን እንዲነካ አድርገው።

4. ሁለቱን የጎን ጠርዞች በአንድ አንድ ፕላስተር ይዝጉ። አሁን ከላይ ሲያዩት ሦስቱ መስመሮች በሁለት ቋሚ መካከል አንድ አግዳሚ እንዳለው መሰላል ይመስላሉ። ክንፍ የሚነሳበትም ውሃና አቧራ የሚገባበትም ቀዳዳ ሁሉ ተዘግቷል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ መስመር የለም።

5. እያንዳንዱን መስመር በመዳፍዎ ወይም በታጠፈ ጨርቅ አጥብቀው ይሹት። ሰው ሁሉ የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። ይህ ፕላስተር የሚይዘው በጫና ነው፤ አየር ከሥሩ ወጥቶ ሙጫው በወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ካልገባ እንደተለጠፈ አይቆጠርም። በሚገባ የታሸ አንድ መስመር እንደነገሩ ከተጣሉ ሦስት ይበልጣል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ያለው ፕላስተር ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከተለጠፈ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ ከተቻለ ካርቶኑ ከመሄዱ በፊት ባለው ምሽት ይታሸግ።

6. ላዩንም በዚሁ መልክ ይዝጉ፤ ከመለጠፍዎ በፊት ግን ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ።

በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈውን የወረቀት ፕላስተር የሚያገኙ ከሆነ እኔ ከፕላስቲኩ እመርጠዋለሁ። በስታርች የተሠራው ሙጫው ሲረጥብ ወደ ካርቶኑ ቃጫ ዘልቆ አንድ አካል ይሆናል፤ አንድ ሽፋን ይበቃዋል፤ አንድ ሰው በመንገድ ከፍቶት ከሆነ ሳይታወቅ መልሶ ሊለጥፈው አይችልም። ሲከፈት በቀላሉ ይቆረጣል፤ ካርቶኑም ለዳግም ጥቅም ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። የሚፈልገው ጥንቃቄ የውሃውን መጠን ነው፤ ሙጫው እርጥብ እንጂ የታጠበ መሆን የለበትም።

የመክፈቻ ጫፍ መተው

ይህ ክፍል ከሁሉም የበለጠ የምደክምለት ነው፤ የሚጠይቀው ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

ቀላሉ መንገድ ማጠፍ ነው። የላዩን መካከለኛ መስመር ለጥፈው ሲጨርሱ የመጨረሻውን 2 ሴንቲ ሜትር ሙጫው በሙጫው ላይ እንዲያርፍ አጥፈው ያጣብቁት፤ ሙጫ የሌለው ምላስ ይሆናል። ምላሱ በጎኑ ግድግዳ ላይ ወደ ታች ተኝቶ ይቅር። ከፋቹ ጥፍር ሳያስፈልገው በሁለት ጣት ይይዘዋል፤ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲስበው ፕላስተሩ በሚደክምበት አቅጣጫ ይላጣል። የሁለቱን የጎን ጠርዞችም ጫፍ እንዲሁ ያጥፉ።

ሁለተኛው መንገድ የክር ነው፤ ለደከመ እጅ ከማጠፉ ይሻላል። ጠንካራ የናይሎን ክር ወይም ቀጭን ሲባጎ ወስደው ፕላስተሩን ከመለጠፍዎ በፊት በመጋጠሚያው ላይ በቁመቱ ዘርጉት፤ በአንድ ወገን አንድ ስንዝር ያህል ይትረፍ። በላዩ ላይ ፕላስተሩን ለጥፈው ይሹት። በተረፈው ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት ቋጥሩ። ክሩ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲሳብ ፕላስተሩን ከሥር እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ ቢላዋም መቀስም አይፈልግም። ሦስት ነገር ይጠንቀቁ፦ ክሩ በጣም ቀጭን ከሆነ የሳቢውን ጣት ይቆርጣል፤ በመንገድ ላይ የተንጠለጠለ ክር በመለያ ማሽን ሊያዝ ስለሚችል ቀለበቱን በአንዲት ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ከካርቶኑ ጋር ያጣብቁት፤ ከመላክዎ በፊት ደግሞ በባዶ ካርቶን ላይ አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ አንዳንድ ወፍራም ፕላስተር ለክር አይበገርም።

ከዚያ በወፍራም ቀለም ቀስት ይሳሉና «ከዚህ ይሳቡ» ብለው ይጻፉ። ያልተጻፈ ምላስ የለም ማለት ነው፤ ተቀባዩ ሳያየው በተቃራኒው በኩል በቢላዋ ይጀምራል። ለአክስቴ ሁለተኛውን ካርቶን በክር አሽጌ ስልክ ደወልኩ። በውስጡ የላክኩትን የሱፍ ሹራብ ለብሰውት ነበር። ክሩን ቀለበቱን ሳይፈቱ አስቀምጠውታል፤ «እንደ ሽንብራ ቅርፊት ተፈልፍሎ ወጣ» አሉ።

ትላልቅ ነጋዴዎችም ይህን ጉዳይ ችላ አላሉትም፤ የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2008 ዕቃዎችን ያለ መቀስ በሚከፈትና የፕላስቲክ ቅርፊት በሌለው ካርቶን የመላክ አሠራር ጀምሯል። በቤት ውስጥ ለሚያሽግ ሰው ግን የሚያስፈልገው አንድ ክርና አንድ እጥፋት ነው።

የታፈነ እሽግ ሲደርስዎ

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። በሩ ላይ የደረሰው ካርቶን ከነማዕዘኑ ታሽጎ ያብረቀርቃል፤ ጫፉ የት እንዳለ አይታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት የሚመጣው ስሜት ቢላዋ አንስቶ መሀሉን መውጋት ነው። እባክዎ አይውጉ። መሀሉ ላይ ሁለቱ ክንፎች የተገናኙበት ክፍተት አለ፤ ከፕላስተሩ ሥር ምላጩን የሚያቆም ካርቶን የለም፤ ቀጥታ ዕቃው ጋር ይደርሳል።

ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ፣ ወገብዎ ትክክል ያድርጉት። በጭን ላይ ይዞ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም። ዙሪያውን ይመልከቱ፤ የተደፈጠጠ፣ የረጠበ ወይም ተከፍቶ እንደገና የተዘጋ ቦታ ካለ ከመቁረጥዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱ፤ በኋላ ለአቤቱታ ማስረጃ ይሆንዎታል። ከዚያ ይገልብጡትና ሥሩን ይዩ። ላኪዎች ስጋታቸውን የሚያፈሱት ላዩ ላይ ስለሆነ ሥሩ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ የተዘጋ ነው። ዕቃው ተገልብጦ መቆም የሚችል ከሆነ ከሥር መክፈት ከግማሽ ሰዓት ትግል ያድናል።

ከተር የሚባለውን ምላጩ ወጣ ገባ የሚል መቁረጫ ይውሰዱና ምላጩን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ያውጡ። ተራ ባለ አንድ ሞገድ ካርቶን ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በ2 ሚሊ ሜትር ምላጭ ካርቶኑ ያለበትን ቦታ አልፎ ዕቃ መንካት አይቻልም። ምላጩ ስለታም ይሁን። የደነዘ ምላጭ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የጨመሩበት ምላጭ ደግሞ ሲያመልጥ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። መጀመሪያ ሁለቱን የጎን ጠርዞች፣ ፕላስተሩ ከላይ ወደ ግድግዳው የሚታጠፍበትን መስመር ተከትለው ይቁረጡ። መካከለኛው መስመር መጨረሻ ይቅር፤ እርሱንም ምላጩን ከማቆም ይልቅ ወደ ጎን አስተኝተው ከፕላስተሩ ሥር እየገፉ ይሂዱ። ምላጩ ሁልጊዜ ከሰውነትዎ ይራቅ፤ ካርቶኑን የያዘው እጅዎ ከምላጩ ኋላ እንጂ ፊት አይሁን። ሕፃን በአጠገብዎ ካለ ምላጩን በየመሀሉ ያስገቡት።

ምላጭ የሌለው ሰው ቁልፍ ወይም እስክሪብቶ ይበቃዋል። የቁልፉን ጥርስ በመጋጠሚያው ክፍተት ላይ አስቀምጠው ፕላስተሩን አንዴ ከበሱት በኋላ በመጋጠሚያው ርዝመት ይጎትቱት፤ ቀጭን ፕላስቲክ አንዴ ከተቀደደ መንገዱን ራሱ ያገኛል። ቁልፍ ዕቃ አይቆርጥም፤ ስለዚህ ልብስ ላለበት እሽግ እኔ ከምላጭ አስቀድሜ የማነሳው እርሱን ነው። ይህ የማይሠራው በውስጡ የመስታወት ቃጫ በቁመቱ የተዘረጋበት ፕላስተር ሲሆን ነው። ጭረቶቹ በዓይን ይታያሉ። ያንን በእጅ ለመቅደድ አይታገሉ፤ በቃጫው አግድም በመቀስ ይቆረጣል።

ፕላስተሩ ተደራርቦ ምላጭ እንኳ የማያሳልፍ ከሆነስ? ሽፋኑን አንድ በአንድ ለመላጥ መሞከር ጥፍር ያሳምማል እንጂ አያልቅም። ካርቶኑን መልሰው የማይፈልጉት ከሆነ ፕላስተሩን ተዉትና ካርቶኑን ራሱን ይቁረጡ፤ ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ዝቅ ብለው በሦስቱ ግድግዳዎች ዙሪያ ጥልቀት ሳያበዙ ደጋግመው ይስመሩ፤ አራተኛው ግድግዳ እንደ ማጠፊያ ይቅር። ላዩ ከነፕላስተሩ እንደ ሳጥን ክዳን ይነሳል። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ግድግዳውን የተጠጋ ዕቃ ሊኖር እንደሚችል አስበው ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ማለፍ እንጂ በአንድ ጊዜ መብሳት አይገባም።

ካርቶኑን ወይም የተለጠፈበትን ነገር ማትረፍ ከፈለጉ ሙቀት ይጠቀሙ። የፀጉር ማድረቂያውን አንድ ስንዝር ያህል አርቀው በአንድ ቦታ ሳያቆሙ ግማሽ ደቂቃ ያንቀሳቅሱት፤ ሙጫው ይለሰልሳል። ከዚያ ጫፉን አንስተው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ በራሱ ላይ ተኝቶ እንዲመለስ አድርገው በዝግታ ይሳቡ። ሽቅብ የሳቡት ፕላስተር ወረቀቱን ይዞት ይነሳል፤ ተኝቶ የተመለሰ ይተወዋል። ባትሪ ያለበት ዕቃ፣ ሻማ ወይም የሚቀልጥ ነገር ውስጡ ካለ ሙቀቱን ይተዉት።

በካርቶኑ ዙሪያ የተወጠረ የፕላስቲክ ወይም የብረት ማሰሪያ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በውጥረት ላይ ስለሆነ ሲቆረጥ እንደ አለንጋ ይወናጨፋል፤ የብረቱ ደግሞ ጠርዙ ስለታም ነው። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ በማሰሪያው ትይዩ ሳይሆን ከጎኑ ይቁሙ፤ አንዱን ወገን በእጅዎ ወደ ካርቶኑ ተጭነው ሌላውን ይቁረጡ። ሌላ ሰው አጠገብዎ አይቁም።

ከተከፈተ በኋላ

ሙሌቱን በሙሉ በእጅዎ ዳሰው ሳያዩ አይጣሉት፤ ትንንሽ ብሎኖችና የጆሮ ጌጦች ወረቀት ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ። በዕቃው ላይ የቀረ የፕላስተር ሙጫ በመስታወትና በሸክላ ላይ ከሆነ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብተው ለአሥር ደቂቃ ይተዉትና በጨርቅ ይጥረጉት፤ በመጨረሻ በሳሙና ይታጠብ። በወረቀትና በእንጨት ላይ ዘይት እድፍ ይተዋል፤ እዚያ ላይ አዲስ የፕላስተር ቁራጭ ወስደው በሙጫው ላይ ተጭነው ደጋግመው ማንሳት ይሻላል፤ ሙጫ ሙጫን ይስባል።

ካርቶኑ ደህና ከሆነ ፕላስተሩን አንስተው ዘርግተው ያስቀምጡት። የተሰበረ የከተር ምላጭ ካለ በወፍራም ወረቀት አድርገው በፕላስተር ሦስት አራት ጊዜ ይጠቅልሉትና በላዩ «ምላጭ» ብለው ጽፈው ይጣሉ። ፕላስተርን ያለ ስስት ማዞር የሚገባው እዚህ ነው፤ ይህን ማንም እንዲከፍተው አይፈለግም።

ጥቅልሉን ወደ መሳቢያው ከመመለስዎ በፊት ጫፉን አንድ ጣት ያህል አጥፉት። የጠፋ ጫፍ ያለው ጥቅልል ከደረሰዎ ደግሞ ጥፍርዎን በዙሪያው በቀስታ ያንሸራቱ፤ ጫፉ ያለበት ላይ ትንሽ ይይዝዎታል። ከማዕዘኑ ሳይሆን ከሙሉ ወርዱ ያንሱት፤ ከማዕዘን የተነሳ ፕላስተር እየሾለ ሄዶ ይበጠሳል፤ ጫፉም እንደገና ይጠፋል።